ምላሱ ንጹሕ ሆኖ ስለ ተገኘ ሠራተኛ

ድሬዳዋ፣ ግንቦት ፲፱፻፶፮ ዓ.ም.

ለክቡር አቶ አምደብርሃን
የነጭ ርግብ ሳሙና ፋብሪካ ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል እያልኩ ከወገቤ ዝቅ ብዬ እጅ እነሣለሁ፤ ዝቅ ካልኩ በኋላ ቀና ለማለት ጊዜ ስለሚወስድብኝ ሰላምታዬ ከሌሎች ሠራተኞች ሰላምታ ረዘም ቢልብዎ ከአክብሮት ብዛት ይቁጠሩልኝ። የእርስዎን፣ የባለቤትዎን፣ የልጆችዎን፣ እንዲሁም ከዚራ ሰፈር በሚገኘው መኖሪያ ቤትዎ ጣሪያ ላይ ሳይታክት የሚሽከረከረውን የቬንቲሌተርዎን ደኅንነት እጠይቃለሁ። የእኔን ጤና በሚመለከት ግን ከእኔ ይልቅ እርስዎ አጥርተው እንደሚያውቁት በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ስላነበብኩ ደግሜ በመናገር አላሰለችዎም።

ስሜ ጥሩሰው አየነው ነው። በፋብሪካዎ ሳሙና ቆራጭና ማኅተም መቺ ነኝ፤ ከባለቤቴ ከሸዋገነትና ከልጆቻችን ጋር በግቢው ውስጥ ካሉት የሠራተኛ ክፍሎች በአንደኛዋ እኖራለሁ። ከአሁን በፊት አቤቱታዬን ለእርስዎ ብቻ ጽፌ ነበር፤ ጸሐፊዎ ግን የእጅ ጽሑፌ መንቀጥቀጡን ተመልክቶ «ይኼም ሐራራ ነው» ብሎ መለሰልኝ። ስለዚህ ይህንን በግልጽ ጽፌ አንዱን ቅጂ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ከእርስዎ ትእዛዝ አጠገብ ለጥፌያለሁ፤ ሌላውን በር ላይ ሻይ ለምትሸጠው ለፋዱሞ ሰጥቻታለሁ። ፋዱሞ ማንበብ አትችልም፤ ነገር ግን ማንበብ የሚችል ደንበኛ ሁሉ ጮክ ብሎ ካላነበበላት ሻይ እንደማትቀዳ ምላ ነግራኛለች።

ጉዳዩ እንዲህ ነው። በሰሌዳው ላይ ያለው ትእዛዝዎ፣ ሠራተኛው ጥሩሰው መቆም እንደሚችል ስለ ተረጋገጠ ከእንግዲህ በሥራ ሰዓት ተቀምጦ ወይም ተጋድሞ ቢገኝ በጫት ሱስ ምክንያት ተሰናብቶ ክፍሉን በዚያው ዕለት እንዲያስረክብ ይላል። ማኅተሙ ቀጥ ብሎ፣ ቀለሙም ሳይፈስ ተመቷል። እኔ የማኅተም ሰው ስለሆንኩ ይህን ሳላደንቅ አላልፍም።

ክቡር ሆይ፣ እኔን የያዘኝ የኩላሊት በሽታ ነው። ሐራራ ማለት፣ እርስዎ ከአዲስ አበባ በቅርቡ ስለ መጡ ሰው አጣርቶ አልነገርዎ ይሆናል፣ ጫት የለመደ ሰው ሰዓቱ ደርሶ ሳያገኝ ሲቀር የሚይዘው ማዛጋት፣ መፍዘዝና መነጫነጭ ነው። በዚህ ከተማ ቀስ ብሎ የሚሄድን ሰው ያየ ሁሉ ሌላ በሽታ በዓለም ላይ እንደሌለ ያህል «ሐራራ ነው» ይለዋል፤ እንግዳ መሆንዎ ሳያግድዎ ይህን ልማድ በአጭር ጊዜ ውስጥ በመልመድዎ ድሬዎች ሁላችን ኮርተናል።

ባለፈው ዓመት ያየኝ ህንዳዊ ሐኪም ሁለቱም ኩላሊቶቼ ሥራቸውን እየተዉ መሆናቸውን፣ ደሜ ሳይጠራ እንደሚዞርና ድካሜም ከዚያ የመጣ መሆኑን በአስተርጓሚ ነገረኝ። መድኃኒቱን ብጠይቀው የለም አለኝ፤ በፈረንጅ አገር ደም የሚያጥብ መኪና መሠራቱን፣ እዚያም ቢሆን ለጥቂት ሰው ብቻ እንደሚዳረስ ጨመረልኝ። በየትኛው ሳሙና ነው የሚያጥበው ብዬ ጠየቅሁት። ሐኪሙ ሳቀ፤ አስተርጓሚዋ ነርስ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ስለ ድካሙ ሳልናገር ባልፍ ጽሑፌ ዋጋ የለውም። ሰው ሠርቶ የሚደክመው ዓይነት ቢሆንማ ከእርስዎ በፊት እኔ ራሴን በተቆጣሁ ነበር። ሌሊቱን ተኝቼ አድሬ ስነሣ ጆንያ ሲጫንብኝ ያደርኩ ነው የሚመስለኝ። ሸሚዜን ቆልፌ አርፋለሁ። ፊቴን የምታጠበው ሸዋገነት እያፈሰሰችልኝ፣ ተቀምጬ ነው። ልጄ እየሮጠች መጥታ አንገቴ ላይ ስትጠመጠም ክብደቷ እንደሚጥለኝ እንዳትታዘብ ግድግዳ እደገፋለሁ። እንቅልፍ ሲመጣ አያሳርፈኝም፤ ሲሄድም ነቅቼ አልገኝም። አንድ ቃል ልናገር ጀምሬ መጨረሻው ይጠፋኛል፤ ሰውም በትዕግሥት ሲጠብቀኝ ሳይ አፍራለሁ። እንዲህ ያለ ነገር ለጠላት አይመኙትም።

ሐኪሙ ለዚህ የሰጠኝ አንድ ምክር ብቻ ነበር፤ ከመድከምህ በፊት ዕረፍ፣ ከደከምክ በኋላ ማረፍ ላንተ ዘግይቷል አለኝ። ከባዱን ሥራ በጠዋቱ እንድጨርስ፣ ተቀምጦ የሚሠራውን ሁሉ ተቀምጬ እንድሠራ፣ ቀትር ላይ በጥላ እንድጋደም፣ ማታ ደግሞ እግሬ ጨርሶ እንዳይከዳኝ ጥቂት እንድራመድ ነገረኝ። ጨውና ሥጋ ተው ሲለኝም ዓቢይ ጾም መግባቱን ስለማያውቅ በፍጥነት መታዘዜን አይቶ አመሰገነኝ። እኔም ሸዋገነት የወሩን አስቤዛ እንደምታብቃቃው ጉልበቴን እያብቃቃሁ፣ ሳሙናውን ፀሐይ ሳትበረታ ቆሜ ቆርጬ፣ ማኅተሙን በባዶ በርሜል ላይ ተቀምጬ መትቼ፣ በቀትር ዕረፍት ከጓደኞቼ ጋር ጆንያ ላይ ተጋድሜ፣ አንድም ቀን ሥራ ሳላጎድል ከረምኩ። መዳኛ አልነበረም፤ ሐኪሙም ይህንን አልደበቀኝም። ቀስ ብሎ መሄጃ ነበር።

ከዚያ በኋላ እርስዎ መጡልን። ስለ ተደረገልኝ ሁሉ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩ኛ፤ የቀትሩን ዕረፍት ስላነሡልን አመሰግናለሁ። በዚህ ከተማ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ የመጋላ ነጋዴ ሱቁን ይዘጋል፤ የባቡር ጣቢያ ተሸካሚ ጋሪው ሥር ይገባል፤ ከመልካ ጀብዱ ጭኖ የመጣው ባለግመል ግመሉን አንበርክኮ ጥላ ይፈልጋል፤ የደረቁን የደቻቱን ወንዝ አሸዋ ውሻ እንኳ አይሻገረውም። እርስዎ ግን በመጡ ሰሞን ከነሱፍ ኮትዎ ወደ ዕቃ ማሸጊያው ክፍል ብቅ ብለው ሠራተኛው ሁሉ በስድስት ሰዓት ተጋድሞ ሲያዩ፣ ይህ በርጫ ነው፣ ሰዎቹ ጫት ለመቃም ነው የተሰበሰቡት ብለው ደመደሙ። በድሬ በርጫ የሚያዘው ፀሐይ ዘንበል ስትል መሆኑን ደፍሮ የነገረዎ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ዕረፍቱን ሰርዘው፣ ሠራተኛው ሳያቋርጥ ሠርቶ በአሥር ሰዓት ወደ ቤቱ እንዲገባ አዘዙ። ጫትን ለማጥፋት ያወጡት ትእዛዝ ለቃሚው ሁሉ ልክ የመቃሚያውን ሰዓት ነፃ አደረገለት። ከጎኔ የሚሠራው ወርሳሜ፣ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚቅም የተባረከ ሰው ነው፣ በየቀኑ በአሥር ሰዓት እጁን እየታጠበ «ወላሂ ይኼን ሰውዬ አላህ ዕድሜ ይስጠው፤ ድሮ እኮ በርጫው ከተጋመሰ በኋላ ነበር የምንደርሰው፣ አቦ!» እያለ ይጸልይልዎታል። ዕረፍቱን ያጣሁት ቅሜ የማላውቀው እኔ ነኝ። ወርሳሜንም አልቀናበትም፤ እሱ ባይደግፈኝ እስከ አሥር ሰዓት አልደርስም ነበር።

፪ኛ፤ የምላስ ምርመራ ስላቋቋሙልን አመሰግናለሁ። ጠዋት ስንገባና ማታ ስንወጣ ዘበኛው ሙመድ፣ በግራ ጉንጩ ያቆየውን ሳይተፋ፣ ምላሳችንን አውጥተን እንድናሳየው ያዘናል፤ አረንጓዴ የተገኘበት ይቀጣል። የእኔ ንጹሕ ሆኖ ተገኘ። ከዚህ በኋላ ስለ እኔ የሚወራው ያበቃል ብዬ እንደ ሞኝ ደስ ብሎኝ ነበር። የፋብሪካው ክሊኒክ ቁስል አጣቢ፣ ድሬሰሩ፣ ግን ከእርስዎ ጋር ተማክሮ ጥበብ የተሞላበት ፍርድ ሰጠ፦ ምላሱ አረንጓዴ የሆነ ሰው ቅሟል፤ ምላሱ ንጹሕ ሆኖ የሚያዛጋና የሚፈዝ ሰው ደግሞ አጥቷል ማለት ነውና ሐራራ ይዞታል። በዚህ ሚዛን ነፃ ሊወጣ የሚችለው ጨርሶ ምላስ የሌለው ሰው ነው። ሐኪሙ ስለ ኩላሊቴ የነገረኝን ለድሬሰሩ ባስረዳው፣ ኩላሊት የሚያም ጀርባ ላይ ነው፣ አንተ ጀርባህን አላመመህም፣ ደከመኝ ነው ያልከው አለኝ። ደከመኝ የሚል በሽተኛ በመጽሐፉ ውስጥ የለም መሰለኝ።

፫ኛ፤ በርሜሌን ስለወሰዱልኝ አመሰግናለሁ። ሐራራ በቁም ሲሠሩ ይለቃል፣ ደግሞም ማኅተም ቁጭ ብሎ መምታት ለሠለጠነ ፋብሪካ አይመጥንም በማለት የምቀመጥበት በርሜል እንዲነሣ አደረጉ። አሁን በቢሮዎ በር ላይ አበባ ተተክሎበት፣ በጥላ ውስጥ፣ ጠዋትና ማታ ውሃ እየጠጣ ይገኛል። በዚያ ሳልፍ ሰላም እለዋለሁ። በአበባ መቅናት ለአዋቂ ሰው የሚያሳፍር ነገር እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ቀንቻለሁ።

አራተኛውን በተመለከተ ይቅርታ እለምናለሁ። ሦስተኛውን ጽፌ ስጨርስ ጋደም አልኩ፤ ስነሣ አራተኛው ከአሳቤ ጠፍቷል። ሸዋገነትን ብጠይቃት እሷም አላስታወሰችውም፤ ትልቅ ነገር እንደነበረ ብቻ ሁለታችንም እርግጠኞች ነን። ለእርስዎ ትርፍ ይሁን።

፭ኛ፤ ትከሻዬን መታ መታ አድርገው ስላበረታቱኝ አመሰግናለሁ። በርሜሉ ከተነሣ ወዲህ ሁለት ጊዜ ወድቄ፣ ሦስተኛ ብወድቅ እንደምሰናበት በቃል ተነግሮኝ ነበር። ወርሳሜ ይህንን ሲሰማ ከኪሱ ጥቂት የጫት እንጨት አወጣና «ወሪያ ጥሩሰው፣ ይቺን ጎርሳት። ሐራራ ይሁን ኩላሊት እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ ግን ትቆማለህ። ለዛሬ ብቻ ሰው ሁንላቸው» አለኝ። የሚመክረኝ ከልቡ አዝኖ ነበር። እኔም በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ቃምኩ። እውነቱን ለመናገር ክቡር ሆይ፣ ያ ቀን ምን ያለ ቀን ነበር! ቆምኩ። ሳሙናውን ቆርጬ፣ ማኅተሙን መትቼ፣ ሳልጠየቅ የሌላ ሰው ሣጥን አነሣሁ፤ ስለማላውቀው ነገር ሁሉ አወራሁ። ጤነኛ ሰው መሆን ምን እንደሚመስል ረስቼው ኖሮ፣ ሳስታውሰው እንባዬ መጣ።

እንደ ዕድል ሆኖ በዚያኑ ቀን ከእንግዶችዎ ጋር እየዞሩ ነበር። እኔ ዘንድ ቆም ብለው ትከሻዬን መቱና፣ አየህ፣ የያዘህ በርሜሉ ነበር፣ መቆም እንዴት እንዳዳነህ ተመልከት አሉኝ። ለእንግዶችዎም የሥራ ፍቅር ከመድኃኒት እንደሚበልጥ ምሳሌ አድርገው አስረዱብኝ። እኔም አረንጓዴው እንዳይታይ አፌን ገጥሜ በአንገቴ ብቻ እሺ አልኩ። ማታ በምርመራው ሙመድ ምላሴን አየ፣ ቀጥሎ ወደ ሰማይ አየ፣ ከዚያም «ንጹሕ» አለ። እንግዲህ በዚህ ደብዳቤ እሱን ለመቅጣት ቢያስቡ፣ በዚያ ቀን ፀሐይ ዓይኑን እንደወጋችው እኔ ምስክር ነኝ።

ማግስቱን ልቤ ደረቴን ከውስጥ ይደበድበው ጀመር፤ ፊቴ ከማበጡ የተነሣ ትንሿ ልጄ ፈርታኝ ከእናቷ ኋላ ተደበቀች። ሐኪሙ ዘንድ ተሸክመው ወሰዱኝ። የቃምኩትን ስነግረው አልተቆጣም፤ እጄን ያዘኝ፣ ከቁጣ ይልቅም ይህ አስፈራኝ። ቀርቶልህ የነበረውን ጥቂት ጉልበት ነው ያወጣኸው አለኝ። ተሽሎኝ ሳይሆን ተጨንቄ ወደ ሥራ ስመለስ፣ መቆም እንደሚችል ተረጋግጧል የሚለውን ማስታወቂያዎን ተለጥፎ አገኘሁት።

አሁን የምለምንዎን ልናገር። የምለምነው መዳንን አይደለም፤ እሱ በእርስዎ ሥልጣን ሥር ያለ ቢሆን ኖሮ እንደ በርሜሉ እስካሁን ይነሣ እንደነበር አልጠራጠርም። ደመወዝ እንዲጨመርልኝ፣ ሥራ እንዲቀልልኝም አልለምንም። የምለምነው ማኅተሙን ተቀምጬ እንድመታ፣ ቀትር ላይም ጥቂት እንድጋደም እንዲፈቀድልኝ ብቻ ነው። ምክንያቱን አልደብቅም፦ በፋብሪካው ደንብ መሠረት ሠራተኛ ሆኖ የሞተ ሰው ቤተሰብ በክፍሉ ይቆያል፤ በሱስ የተሰናበተ ግን ቤተሰቡን ይዞ በዚያው ዕለት ይወጣል። ስለዚህ እኔ የግድ ሠራተኛ ሆኜ መሞት አለብኝ። ሌላው ሰው ለመኖር እንደሚጣጣረው እኔ በሥራዬ ላይ እንዳለሁ ለመሞት እየተጣጣርኩ ነው፤ ለዚህም ወንበር ያስፈልገኛል።

እፈራለሁ፣ ክቡር ሆይ። ሞቱን እንኳ አይደለም፤ ከእሱ ጋር ከሐኪሙ ክፍል ጀምሮ ተዋውቀናል። የምፈራው ሸዋገነት ምጣዷንና ልጆቿን ይዛ በደቻቱ አሸዋ ላይ ቆማ፣ ያለፈ ያገደመው «የቃሚው ሚስት» እያለ ሲጠቋቆምባት ነው። ይህች ሴት ከአልጋ ስታነሣኝ የማታየኝ መስላ ነው የምታነሣኝ፤ እንዳላፍር ብላ ነው። ከዚህ በላይ ልጽፍ አልቻልኩም።

እንደማይፈቅዱ አውቃለሁ። አንድ ሰው ይቀመጥ ማለት ያኔ ያነሡት በርሜል በስሕተት ተነሥቷል ማለት ነው፤ ያ ደግሞ ለእንግዶችዎ ከሰጡት ማብራሪያ ጋር አይስማማም። ሐኪሙ ለመጻፍ ፈቃደኛ ነው፤ ነገር ግን ጸሐፊዎ የእሱንም እጅ ጽሑፍ ተመልክቶ ምን እንደሚል አስቀድሜ ስለማውቅ፣ ያን የመሰለ ደግ ሰው ሐራራ እንዲይዘው አልፈለግሁም። ነገ ጠዋት እንደተለመደው ምላሴን አሳይቼ እገባለሁ፣ እስከ ቻልኩበትም እቆማለሁ። የወደቅሁ እንደሆነ፣ በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ትእዛዝዎ የሚከለክለው ተቀምጦና ተጋድሞ መገኘትን እንጂ ወድቆ መገኘትን ስላልሆነ፣ በዚህ በኩል ደንቡን አክብሬ የወደቅሁ መሆኔ እንዲመዘገብልኝ በትሕትና አሳስባለሁ።

ጊዜዎን ሰውተው፣ በማስታወቂያ ሰሌዳው ፊት በዚህ ፀሐይ ቆመው ይህን ሁሉ ስላነበቡልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም፤ መቆም ደክሞዎት ከሆነ ከልብ አዝናለሁ። ይህን ፊርማ ለክብርዎ ስል ቆሜ ልፈርም አስቤ ሞክሬ ነበር፤ እግሬ ትእዛዝዎን ስላልተቀበለ በተለመደው ድፍረቴ ተቀምጬ ፈርሜያለሁ። ዕድሜና ሹመት እንዲጨመርልዎ፣ ሳሙናዎም በአገሩ ሁሉ አረፋው እንዲበዛለት ከመመኘት ጋር፣ በእርስዎ ምስክርነት ጤነኛ የሆንኩት፣

ታዛዥ ሠራተኛዎ
ጥሩሰው አየነው

ከፊርማ በኋላ፦ ሾፌርዎ ፋዱሞ ዘንድ ሻይ ሲጠጣ እንዳወራው፣ ከፋሲካ ወዲህ ጫማዎ ከሰዓት በኋላ አልገባ እያለዎ በነጠላ ጫማ ወደ ቤት ይገባሉ፤ ጠዋት ጠዋት ዓይንዎ ሥር ያብጣል፤ በስብሰባ መሐል ያንቀላፋሉ፤ ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ይልብኛል ብለውም ወጥ ቤትዎን ተቆጥተዋል። ሐኪሙ እኔን መጀመሪያ የጠየቀኝ እነዚህኑ ነበር። የደጋ ሰው ስለሆኑ ሙቀቱ ይሆናል፤ ሙቀቱ ያድርግልዎ፣ ይህን የምለው ያለ ምፀት ነው። ካልሆነ ግን ዛሬውኑ ሽንትዎን ያስመርምሩ፣ ጨው ይተዉ፣ ከመድከምዎ በፊት ይረፉ። ከሁሉም በላይ እግዚአብሔር እንደ እርስዎ ካለ አለቃ ይሰውርዎ።